ዝሆኑን ያስወጣው ማን ነው? የካቫን ጉዳይ ከጎንደር ሲታይ

በኖቬምበር 2020 ማብቂያ ላይ ካቫን የሚባል ዝሆን በጭነት አውሮፕላን ከኢስላማባድ ተነሥቶ ካምቦዲያ ገባ። ከተቀበሉት ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ሼር ነበረች። ፎቶዋ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ፤ ወሬውም «ሼር ዝሆን አስፈታች» ተብሎ ቀረ። ጎንደር ውስጥ ለጋሪ ፈረስና ለጭነት አህያ የሚቆረቆር ሰው ይህን አይቶ «እኛስ አንድ ስም ያለው ዘፋኝ ብናገኝ» ቢል አይፈረድበትም። ጉዳዩ ከሥሩ ሲፈተሽ ግን ዘፋኟ የሠራችው ሥራና ዝሆኑን ከግቢው ያስወጣው ሥራ አንድ አይደሉም። ሁለቱን ሳይለዩ መነሣት ምን እንደሚያስከትልም እዚያው ኢስላማባድ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ታይቷል። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በውጭ አቆጣጠር ናቸው።)

ግቢውና ዝሆኑ

ካቫን በ1985 ስሪላንካ ለፓኪስታን በስጦታ የሰጠችው የእስያ ዝሆን ነው። ግልገል ሆኖ መጥቶ ማርጋዛር በተባለው የኢስላማባድ መካነ እንስሳት አደገ። ከባንግላዴሽ የመጣች ሳሄሊ የምትባል ጓደኛ ነበረችው፤ በ2012 ሞተች። ዝሆን በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ካቫን ግን ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ እንኳ ወገን ሳይኖረው ኖረ። ጥላ በሌለበት ግቢ ቆሞ ራሱን ግራና ቀኝ ለሰዓታት ይወዘውዝ ነበር። ላላወቀ ሰው ጭፈራ ይመስላል። ባለሙያ ሲያየው የሚሠራውም የሚሄድበትም ያጣ እንስሳ የጭንቀት ምልክት ነው።

የእንስሳ ሥቃይ ብዙ ጊዜ ለካሜራ አይመችም፤ ይህ ጎንደር ላይም ያው ነው። ተራ የሚጠብቅ የጋሪ ፈረስ አንዱን የኋላ እግሩን አጠፍ አድርጎ ቢቆም ማረፉ ነው፤ ጤነኛ ፈረስ እንዲሁ ያደርጋል። የፊት እግሩን ወደፊት አስቀድሞ ካሳረፈ፣ ወይም ሁለቱን የፊት እግሮች ቶሎ ቶሎ ካፈራረቀ ግን ሰኮናው ወይም መገጣጠሚያው ያመዋል ማለት ነው። ይህን የማይለይ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው እያረፈ ያለውን ፈረስ «ተሠቃየ» ብሎ ይለጥፋል። ባለጋሪው ፈረሱን ያውቃልና ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ነገር ቢነገረውም አይሰማም።

ከፊርማ ወደ ዘፋኝ

ነገሩ የተጀመረው በዘፋኝ አይደለም። በ2015 መካነ እንስሳቱን የጎበኘች አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዝሆኑን በሰንሰለት ታስሮ አየችውና የፊርማ ማሰባሰቢያ ከፈተች። ፊርማው ከ200,000 አለፈ። ጩኸቱ ሲበረታ ካቫን ለጊዜው ተፈታ፤ ኋላ ግን በየቀኑ ለሰዓታት መታሰሩ እንዳልቀረ ታወቀ።

ብዙ ዘመቻ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሕዝብ ሲቆጣ ባለሥልጣን በርካሹ ይመልሳል። ሰንሰለት መፍታት የአንድ ጥዋት ሥራ ነው፤ ግቢ መቀየር፣ ጓደኛ ማምጣት፣ አገር ማሻገር ደግሞ በጀትና ውሳኔ ይፈልጋል። «ይፈታ» ብሎ የጮኸ ሰው ሲፈታ የሚለው ያጣል። ፊርማው የጠየቀውን ለጊዜው አገኘ፤ ዝሆኑ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ።

ሼር ስለ ካቫን የሰማችው በ2016 በማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎች ደጋግመው ስለጻፉላት ነው። አንድ ጊዜ ጽፋ ብታልፍ ኖሮ ዛሬ የሚያነሣው ባልኖረ። እሷ ግን ወኪሎች ወደ ፓኪስታን ላከች፣ ፍሪ ዘ ዋይልድ የተባለ ድርጅት ከሌሎች ጋር አቋቋመች፣ አራት ዓመት ያንኑ አንድ ስም ስትጠራ ቆየች። የዝነኛ ሰው ዋነኛ ጥቅም ይህ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ጉዳዩን ማሳወቁን ፊርማውም ሠርቶታል፣ እንዳይረሳ ማድረጉን ግን እሷ ያዘችው። በእነዚያ ዓመታት የፓኪስታን መንግሥት ተቀይሯል፤ አዲሱም «ካቫን ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

የጠየቀችውም ነገር አንድ ነበር፤ ካቫን ከዚህ ግቢ ይውጣ፣ ሌሎች ዝሆኖች ወዳሉበት ይሂድ። «ለእንስሳት እንዘን» የሚል መልእክት መልስ የሚሰጥበት ቢሮ የለውም። «ይህ ዝሆን ከዚህ ይውጣ» የሚል ግን መልሱ ወይ አዎን ነው ወይ አይደለም፤ የሚመለከተውም መሥሪያ ቤት ይታወቃል።

ለእንስሳ ስም መስጠትና በስሙ መጥራት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ ያሰኛቸው የፈረስ ስም ነው። ጥምቀት ከሚከበርበት ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጉልላታም ሕንፃም ሰው የዞብል መቃብር ይላታል፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበር ይባላል። ፈረስ ተቀብሮ መቃብሩ የሚነገርለት ከተማ ውስጥ ዘመቻውን «የጋሪ ፈረሶች» በሚል ጅምላ ስም መጀመር ያለውን ሀብት መጣል ነው። ባለጋሪው ለፈረሱ ያወጣለት ስም አለ። ዘመቻው በዚያ ስም ይጀመር፣ በባለቤቱ ፈቃድ።

ፍርዱ

ዝሆኑን በእውነት ያንቀሳቀሰው ወረቀት በሜይ 21 ቀን 2020 የወጣው የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ አታር ሚናላህ መካነ እንስሳቱ የእንስሳቱን ፍላጎት ማሟላት እንዳልቻለ አይተው ካቫን ወደ ተስማሚ መጠለያ እንዲዛወር፣ የቀሩት እንስሳትም ከዚያ እንዲወጡ አዘዙ። እንስሳት በሕግ መብት አላቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ ያለማመንታት አዎን ብለው መለሱ። ውሳኔው ሕግ ብቻ አልጠቀሰም፤ ከሃይማኖት አስተምህሮ ተነሥቶ ሰው ለፍጡር ያለበትን ኃላፊነት አብራርቷል፣ ወረርሽኙ ሰውን ቤቱ ዘግቶ ባስቀመጠበት ሰሞን መሆኑንም አንሥቷል።

ልብ ብሎ ለሚያየው ውሳኔው ጉዳዩን ከዘፋኟ እጅ አወጣው። ከሜይ በኋላ ጥያቄው «ሼርን እንስማት ወይ?» አልነበረም፤ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዴት ይፈጸም?» ሆነ። የከተማው መሥሪያ ቤትም፣ የዱር እንስሳት ቦርዱም ለአሜሪካ ዘፋኝ እጅ ሰጡ ሳይባሉ ትእዛዝ አስፈጸሙ ተባሉ። ክብር ሳይነካ ወደኋላ የሚመለሱበት በር ያልተከፈተለት ባለሥልጣን እልህ ይይዘዋል፤ ይህ ፓኪስታንም ኢትዮጵያም አንድ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ስለ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ሲደነግግ መብቱን ለሰው እንጂ ለእንስሳ አልሰጠም። ስለዚህ ለጎንደር ፈረስ አቤቱታ የሚቀርበው በቅድሚያ ለከተማው አስተዳደር ነው፤ ጋሪ የት ይቁም፣ ስንት ሰው ይጫን፣ ውኃ የት ይኑር የሚለው እዚያ ያልቃልና። ይህ ከፍርድ ቤት የቀለለ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉትም፤ የውኃ ገንዳ ለማስቀመጥ የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልግም።

ሸንኮራ፣ ሰኮናና ሳጥን

ከፍርዱ እስከ በረራው ስድስት ወር አልፏል። በቴሌቪዥን ያልታየው፣ ግን ዋናው ሥራ ይህ ነው።

ፎር ፖውስ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በእንስሳት ሐኪሙ አሚር ኻሊል መሪነት በሴፕቴምበር ዝሆኑን መረመረ። ካቫን ወፍራም ነበር፤ በልቶ የጠገበ መስሎም ይታያል። ይበላ የነበረው ግን በቀን ወደ 250 ኪሎ የሚደርስ ሸንኮራ አገዳና ጥቂት ፍራፍሬ ነው፤ ስኳሩ ሥጋ ይጨምራል እንጂ አይመግብም። የእግሩ ጥፍሮች ከልክ በላይ አድገው ተሰነጣጥቀዋል፤ የቆመበት ወለል ለዝሆን እግር አልተሠራም። ምግቡ ተቀይሮ በሦስት ወር ውስጥ 450 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ክብደቱ ለጤናው ብቻ አይደለም የታሰበበት፤ ቶኖች የሚመዝን እንስሳ ሳጥን ውስጥ ለሰዓታት ሲቆም እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ እግሩ ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ሳጥኑ መጣ። ዝሆን በጉልበት አይገባም፤ በማደንዘዣ ጥሎ መጫንም ለረጅም ጉዞ አደገኛ ነው፤ ዝሆን ረጅም ጊዜ ሲተኛ የራሱ ክብደት ሳንባውን ይጫነዋል። ስለዚህ የብረቱ ሳጥን ግቢው ውስጥ ከበረራው በፊት ተቀመጠለት። በሩ ክፍት ነው፤ ምግቡ ከወዲያኛው ጫፍ ነው። መጀመሪያ ኩምቢውን ብቻ ይሰድዳል። ቀጥሎ የፊት እግሮቹን ያስገባል፣ ያነሣል፣ ይወጣል። ወጥቶ መመለስ መቻሉን ሲያውቅ ነው ሙሉ አካሉን የሚያስገባው። ይህ በቀን ተደጋግሞ ለሳምንታት ተሠራ። ሐኪሙ ለዝሆኑ ይዘፍንለት እንደነበር ዜና ሆኗል፤ የሚገርም ነገር አይደለም። ድምፅ ማልመድ የሥልጠናው አካል ነው፤ በጉዞው ጭንቀት ውስጥ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል። እንዲያም ሆኖ በመጨረሻው ቀን ሳጥኑ ውስጥ ለማስገባት ሰዓታት ፈጅቷል።

ኖቬምበር 29 ተነሣ፣ በማግሥቱ ሲየም ሪፕ አረፈ። ከዚያ በመኪና ወደ ኩለን ፕሮም ቴፕ የዱር እንስሳት መጠለያ ተወሰደ። እዚያ ከጎረቤት አጥር ካለ ሌላ ዝሆን ጋር ኩምቢ ለኩምቢ ተነካኩ፤ ሳሄሊ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሼር የት ነበረች? ከበረራው ጥቂት ቀን በፊት ኢስላማባድ ገብታ ከወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ኻን ጋር ተገናኘች፣ ከዚያም ካምቦዲያ ላይ ዝሆኑን ተቀበለች። ሳጥኑ ተዘጋጅቶ፣ ፍርዱ ወጥቶ፣ ሐኪሙ ፈርሞ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ከተሠራው ሁሉ እጅግ ብልህ የሆነው ይህ ቅደም ተከተል ይመስለናል። ቀድማ መጥታ ቢሆን ኖሮ ካሜራው የሚያየው የታሰረ ዝሆንና የተቆጣ ባለሥልጣን ነበር።

ስም ያልነበራቸው አንበሶች

ያው የሜይ ውሳኔ ለቀሩት እንስሳትም ነበር። በጁላይ 2020 ከዚያው መካነ እንስሳት አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንበሳ ወደ ላሆር አቅራቢያ ሊዛወሩ ሆነ። ከዋሻቸው ወጥተው ሳጥን ውስጥ መግባት እንቢ አሉ። ሰዎቹ ዋሻው ውስጥ ድርቆሽ አቀጣጠሉ፣ በዱላም ነካኳቸው። ጭሱ አፈናቸው፤ ሁለቱም ሞቱ። ይህንንም ያሳወቀው የተቀረጸ ቪዲዮ ነው።

አንድ ፍርድ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዓመት። ለዝሆኑ ሳምንታት የፈጀ የሳጥን ልምምድ፣ ለአንበሶቹ እሳት። የዝሆኑን ስም መላው ዓለም ስለሚያውቀው አንድ ነገር ቢደርስበት የሚጠየቅ ሰው አለ፤ አንበሶቹን የሚያውቃቸው አልነበረም። ልዩነቱ ይህ ነው። የዝነኛ ሰው ብርሃን ጠባብ ነው፤ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ትእዛዙ ግን ሰፊ ስለነበረ ከብርሃኑ ውጭ ያሉትም በአንድ ጊዜ «ቶሎ ይውጡ» ተባለላቸው፤ ሐኪም፣ ሳጥን፣ የሠለጠነ ሰው ሳይመደብላቸው። ጥድፊያውን ያመጣው መልካም ዜና ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከዚያ ሞት በኋላ ጥንቃቄው ጨመረ፤ የቀሩት ሁለት የሂማላያ ቡናማ ድቦች በዲሴምበር በባለሙያ እጅ ዮርዳኖስ ወዳለ መጠለያ ተወስደዋል።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሶች ቤት እስካሁን ይታያል። አስጎብኚ ሲያሳይ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። የድንጋዩን ስፋት በእርምጃ ለክቶ አንድ አንበሳ ስንት ጊዜ ሊመላለስበት እንደሚችል ያሰበ ሰው የኢስላማባዱን ጉዳይ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ሌሎቹ ትርኢቶች ሁለት ቃል

ዘፋኝና እንስሳ የተገናኙበት ሁሉ እንዲህ አይደለም። በ1990 ጎ-ጎስ የተባለው የሴቶች የሙዚቃ ቡድን አባላት «የእንስሳ ፀጉር ከምንለብስ ራቁት ብንሄድ ይሻለናል» ለሚለው፣ ፔታ የተባለው የእንስሳት መብት ድርጅት ለሚያካሂደው ዘመቻ ራቁታቸውን ፎቶ ተነሡ፤ ዘመቻው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2020 ተዘጋ፣ ፔታ እንዳለው ብዙ የፋሽን ቤቶች የእንስሳ ፀጉር ስላቆሙ። በሴፕቴምበር 2010 ሌዲ ጋጋ ሎስ አንጀለስ በነበረ የሽልማት ምሽት ከጥሬ የበሬ ሥጋ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ የራሷን ሌላ ፖለቲካዊ ምክንያት ሰጠች፣ ፔታም አወገዘቻት፣ ቀሚሱ በኋላ ደርቆ ክሊቭላንድ ባለ የሙዚቃ ሙዚየም ታየ። ስለ እንስሳ ሥቃይ ያን ሰሞን ብዙ ተወራ፣ አንድም የተቀየረ ነገር ግን የለም፤ የጠየቀ የለማ። ጎንደር ላይ የመጀመሪያው ዓይነት ከቤተሰብም ከቤተ ክህነትም ያጣላል። ሁለተኛው ደግሞ ሥጋ በየሉካንዳው ተሰቅሎ በሚታይበት ከተማ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሚያስቆጣው ያ ሁሉ ሥጋ መባከኑ ይሆናል።

ዘፋኝ ሳይኖር የተሳካም አለ። በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ ስላማረረ ተዘጋ። የማይበላና የሚያገለግል እንስሳ መታረዱን ሰው በባህሉም በሃይማኖቱም አልተቀበለውም። በፌብሩዋሪ 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ለቆዳው ሲባል አህያ ማረድን አገዱ። ቢሾፍቱ ላይ ዘፋኝ ለምን አላስፈለገም? ሕዝቡ ቀድሞ ስለተቆጣ ነው። የጋሪ ፈረስ ቁስል ግን ሰው በየቀኑ ስለሚያየው አያስቆጣውም። ዘፋኝ የሚጠቅመው እንዲህ በተለመደ ነገር ላይ ነው።

ጎንደር ላይ ቢሠራ

ዘፋኙ ከመጠራቱ በፊት መኖር ያለበት ነገር ከመድረክ ጋር ግንኙነት የለውም። የጋሪ ፈረስ ቁስል አብዛኛው የሚመጣው ከመታጠቂያው ነው፤ ደረት፣ ጀርባና የሆድ መቀነቻው የሚያልፍበት ቦታ። ምክንያቱ ቀጭን የናይለን ገመድ፣ ከጎማ የተቆረጠ ጠርዙ የሚቆርጥ ማሰሪያ፣ ወይም ላብ የማይመጥ የላስቲክ ከረጢት ሥሩ መግባቱ ነው። የደረቱ ማሰሪያ ከአራት ጣት ያላነሰ ስፋት ይኑረው፤ ከትከሻ አጥንቱ ጫፍ በላይ፣ ከአንገቱ ሥር በታች ይረፍ። ዝቅ ካለ እግሩን ይይዘዋል፣ ከፍ ካለ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ታጥቆ ሳለ መዳፍ ገብቶ መውጣት አለበት። ሥሩ የሚገባው ጥጥ ወይም የበግ ጠጉር በጨርቅ ተሰፍቶ ነው፤ ታጥቦ የሚደርቅ ቅያሪ ከሌለው ግን በላብ ደርቆ እንደ እንጨት ይሆንና ራሱ ያቆስላል። ስለዚህ ለአንድ ፈረስ ሁለት ሁለት ይሰፋል።

ጋሪው ራሱም ይታያል። ሸክሙ ወደፊት ከበዛ ጀርባው ላይ ይወድቃል፤ ወደኋላ ከበዛ መቀነቻውን ወደ ላይ እየሳበ ሆዱን ይቆርጣል። ተሳፋሪው እንዴት ቢቀመጥ ሚዛኑ እንደሚጠበቅ ለባለጋሪው በባዶ ጋሪ ማሳየት ከአሥር ስብከት ይበልጣል። ለቁስሉ አፍልቶ ያቀዘቀዙት አንድ ሊትር ውኃ ላይ 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ይበቃል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የባትሪ ውኃ በጭራሽ አይነኩትም። ውኃ ለመጠጥ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአንድ እስከ ሁለት፣ በሙቀትና በከባድ ሥራ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

አንድ ትልቅ አደጋ እዚህ አለ። በደጋማ ከተሞቻችን የጋሪ ፈረስን ከሚጎዱ በሽታዎች አንዱ ከቆዳ ሥር በረድፍ እያበጠ የሚፈነዳው የፈንገስ በሽታ ነው። በዝንብ ይተላለፋል፤ የታመመ ፈረስ የለበሰውን መታጠቂያ ለሌላው በማዋስም ይተላለፋል። ስለዚህ «ያገለገለ መታጠቂያ እንሰብስብና እናከፋፍል» የሚለው ደግ ሐሳብ በሽታ ማከፋፈል ነው። የሚታደለው ሁሉ አዲስ ይሁን፤ በእብጠት የተጠረጠረ ፈረስም ከእደላው በፊት በእንስሳት ሐኪም ይታይ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተማው ውስጥ ስላለ ሐኪም በማጣት ማሳበብ አይቻልም።

ይህ ሲሟላ አንድ ጥያቄ ይመረጥ። ለምሳሌ፦ በዋናው የጋሪ ማቆሚያ አንድ የውኃ ገንዳና የቆርቆሮ ጥላ። አድራሻው የከተማው አስተዳደር ነው፣ ወጪው ቀላል ነው፣ ተሠራ ወይም አልተሠራ ብሎ ማንም ሄዶ ያየዋል። ደብዳቤው ከዘፋኙ ልጥፍ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ይግባ፤ አስተዳደሩ ዜናውን ከፌስቡክ የሰማ ቀን ነገሩ ይበላሻል። በአደባባይ ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ ስብሰባ የሚደረግ ከሆነ በሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ዓ.ም. መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ጥምቀት ያጓጓል፤ የዓለም ዓይን ጎንደር ላይ የሚሆንበት ሳምንት ነው። ግን ታቦት ባረፈበት የሌላ ነገር ትርኢት ማድረግ ጉዳዩንም ዘፋኙንም ያስጠላል። ከከተራ በፊት ባለው ሳምንት፣ ከመዋኛው ርቆ፣ ባለጋሪዎች ባሉበት ይሁን። ሕያው ፈረስ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የደነገጠ ፈረስ ጋሪውን ይዞ ሕዝብ መካከል ቢገባ ዘመቻው በዚያው ያከትማል። ዘፋኙ ወደ ፈረሱ ይሂድ፣ ሙዚቃው ጠፍቶ፣ ካሜራው አንድ ሆኖ።

ዘፋኙን ስትመርጡ የቆዩ ክሊፖቹን እዩ። በሠርግ ዘፈን ላይ ያነከሰ ፈረስ ሲጋልብ የሚታይ ከሆነ ያ ምስል በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ስለ ቁስልና ስለ በሽታ ሲጠየቅ ማይኩን ለሐኪሙ ይስጥ። «ሰው እየተራበ ለፈረስ ታለቅሳላችሁ?» መባሉ አይቀርም፣ ለዚያም ተዘጋጁ። መልሱ ባለጋሪው ራሱ ነው፦ ፈረሱ ደረቱ ቆስሎ ሁለት ሳምንት ሲቆም ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ምን እንደሆነ እሱ ይናገር። ለዚህም ሲቀርቡት «ጋሼ፣ ይህን ቁስል እስቲ አብረን እንየው» እንጂ «ፈረሱን ለምን ታሠቃያለህ» አይባልም። በካሜራ ፊት ያዋረዱት ባለጋሪ በማግሥቱ ሌላ መንገድ ይዞ ይሄዳል፣ ፈረሱም ሳይታይ ይቀራል።

ትልቅ ዘፋኝ ካልተገኘስ? ጎንደር አዝማሪ አያጣም። የመሰንቆው ክር ከፈረስ ጭራ ነው፤ ባለሙያውና እንስሳው ከጥንትም ዝምድና አላቸው። አዝማሪ በየምሽቱ የሰማውን ይገጥማል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የከተማውን ሹም በወርቁ ወጋ አድርጎ ያልፋል፣ ያስቃልም። አንድ ሚሊዮን ተከታይ የለውም፤ ግን ገንዳውን የሚያስቀምጠው ሰውዬ ማታ ማታ የሚቀመጠው እሱ ያለበት ቤት ሊሆን ይችላል።

ካሜራው ከሄደ በኋላ ሥራው የደብተር ነው። የፈረሱ ስም፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ በማስመሪያ የተለካ ርዝመትና ስፋቱ፣ ፎቶው ከአንድ ጎንና ከአንድ ርቀት። ልኬቱ በመጀመሪያው ቀን፣ በሳምንቱና በሦስተኛው ሳምንት ይደገማል፤ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጥጡ በላብ መጠጠሩና ቅያሪው መጥፋቱ ይታወቃልና። የዘፋኙ ሁለተኛ ልጥፍ የሚወጣው በዚያ ሳምንት፣ ከደብተሩ ቁጥር ተወስዶ ነው። ቁስሉ ካልጠበበ ልጥፉ ይቆይ፤ መጀመሪያ መታጠቂያው እንደገና ይሰፋ።